ወናፍ ፍለጋ

ባዳቾ ሰው ማመን አይሆንለትም። ወተት ሲገዛ ጣቱን ነክሮ በጥፍሩ ላይ ካላንጠባጠበ አይከፍልም። ጸሎት ቤት ዓይን ጨፍኑ ሲባል እሱ አንዱን ብቻ ነው የሚጨፍነው እያሉ ጓደኞቹ ያሙት ነበር። ሐሜት ነው እንዳልል፣ ወንበር ሥር የቀረ ጃንጥላ ማን ይዞት እንደወጣ ሁልጊዜ የሚያውቀው እሱ ነበር።

ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ሶዶ ላይ ከገበያው ከፍ ብላ ባለች የቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ኩራዝ ይሠራል፣ የተበሳ ማንቆርቆሪያ ይደፍናል፣ የጣራ አሸንዳና የምድጃ ጭስ ማውጫ ያጥፋል። ሙያውን ያገኘው አዲስ አበባ፣ ጦሩ ሲወጣ አገሩ መመለስ ካልፈለገ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ዘንድ ተቀጥሮ ነው። የአረካ ገበሬ ልጅ ነው። እናቱ ልጇ መዶሻ ይዞ መመለሱን የሰማች ቀን ሰው እንደሞተባት አለቀሰች።

ያለ ምክንያት አላለቀሰችም። በወላይታ አገር ብረት የሚመታ ሰው ሙያተኛ ብቻ አይደለም፤ ዘር ነው። ቀጥቃጭ ከቀጥቃጭ ይወለዳል፣ የቀጥቃጭ ልጅ ያገባል፣ ከገበሬ ጋር ከአንድ ሳህን አይበላም። የሠራውን ማረሻና ማጭድ ሁሉም ይፈልገዋል፤ ሰውየውን ግን ማንም ቤቱ አያስገባውም። ነገሩ የሚያሳፍር ነው። በዚያ ዘመን ግን የሚያፍርበት ሰው ጥቂት ነበር፤ ባዳቾም ከጥቂቶቹ አንዱ አልነበረም። እሱን የሚያስጨንቀው ላሜራ ማጠፉ ብረት ከመቀጥቀጥ ጋር እንዳይምታታበት ብቻ ነው። ስለዚህ ደንበኛ ገና የማንቆርቆሪያውን ቀዳዳ ሳያሳየው የአባቱንና የአያቱን ስም፣ የበሬዎቻቸውን መልክ ሳይቀር ይነግረዋል።

በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ አብዱሰመድ የሚባለው ቡና ነጋዴ የቡና መቀሸሪያ ማሽን አስመጣ። ቤተሰቡ ከስልጤ የመጣ፣ ሲስቅ ትከሻው ሁሉ የሚስቅ ሰው ነበር። ማሽኑ ደህና ደረሰ። ገለባውን በነፋስ ስበው ወደ ጓሮ የሚተፉት ቧንቧዎች ግን መኪናው መንገድ ላይ ሲገለበጥ ተጨፍልቀው፣ የተረገጠ ጣሳ መስለው መጡ።

«ባዳቾ» አለው አብዱሰመድ፣ «ማሽኑ ያለ ቧንቧ ምን ያደርግልኛል? ገለባውን በአፌ እፍ ልበለው?»

«ላሜራ አምጣልኝ፣ እሠራዋለሁ።»

«ትችላለህ?»

«አባቴ የአረካ ገበሬ ነው።»

«ስለ አባትህ መች ጠየቅኩህ!» አለና ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ላሜራው በማግስቱ መጣ።

ባዳቾ ለዚህ ሥራ ብቻውን አልነበረም። ባለፈው ክረምት ኤርሳዶ የሚባል ረጅም፣ ዝምተኛ ወጣት ሥራ ፍለጋ መጥቶ ቀጥሮታል። ቧንቧ ሲዘጋ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ጠርዞች ታጥፈው እርስ በርስ ከተቆላለፉ በኋላ አንዱ ከውስጥ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ከውጭ በእንጨት መዶሻ እየመታ ያስተኛዋል። ኤርሳዶ ሲቀጠር «ከገሱባ ወዲህ ነኝ፣ የገበሬ ልጅ» ብሎ ነበር። ባዳቾም ራሱን ነቀነቀ፣ አላመነውም፣ ቀጠረው።

ጥርጣሬው ሥር የሰደደው ከዚያ በኋላ ነው። ባዳቾ ጣሊያኑ ዘንድ መቀስ እስኪጨብጥ ድረስ ዓመት ሙሉ ጥግ ሲጠርግ ኖሯል። ኤርሳዶ ግን ክረምቱ ሳይወጣ ቀጥ ያለውን ቧንቧ ብቻውን ይዘጋ ጀመር። ጎሚቶ የሚሉትን መታጠፊያ ክርን እንኳ፣ በሰያፍ የተቆረጡትን ቀለበቶች አንዱን በአንዱ ጠርዝ ላይ እያስቀመጠ፣ ሳያዛንፍ ያዞረዋል። ባዳቾ እጁን ያይና ነገር አይጥመውም። ሰው በአንድ ክረምት እንዲህ አይማርም፤ ይህ እጅ ከደም የመጣ ነው ይላል በሆዱ። ክረምቱን ሙሉ አጠገቡ ቆሞ ያስተማረው ራሱ መሆኑን ይረሳዋል።

ነገሩን ያባሰው ገለባውን የሚስበው የማሽኑ ማራገቢያ አፍ ነበር። ማራገቢያው አፉ አራት ማዕዘን ነው፣ የሚገጥመው ቧንቧ ደግሞ ክብ። በመካከላቸው አራት ማዕዘን ሆኖ የሚጀምር፣ ክብ ሆኖ የሚያልቅ አንድ ቁራጭ ያስፈልጋል። ባዳቾ ካርቶን ቆርጦ ሞከረ። ማዕዘኑ ላይ ሲገጥም ክቡ ላይ ይከፈታል፣ ክቡ ላይ ሲገጥም ማዕዘኑ ይጎድላል። የአብዱሰመድን ደህና ላሜራ ሁለት ጊዜ አበላሸ። ላብ አጠመቀው፣ ጣሊያኑን ሰደበ፣ ካርቶኑን ረገጠ።

ኤርሳዶ ወጣ። ሲመለስ ከጎረቤት ጓሮ ሰፊ የእንሰት ቅጠል ቆርጦ ይዟል። ቅጠሉን የመበየጃውን እርሳስ፣ ስታኞውን በሚያቀልጡበት ከሰል ላይ እያገላበጠ ጠውለግ ብሎ እስኪለሰልስ አሞቀው፤ እናቶች ቆጮ ሊጠቀልሉበት ሲሉ እንደሚያደርጉት። አራት ማዕዘኑን ክፈፍ ከታች፣ ክቡን ቀለበት ከላይ አቆመና ቅጠሉን ዙሪያውን ጠቅልሎ በቃጫ አሰረው። የተረፈውን በቢላ ከረከመ፣ እጥፋቱ የሚያርፍበትን በከሰል አመለከተ፣ ከዚያ በአንድ ጎን ቀዶ ላሜራው ላይ ዘረጋው። ባዳቾ ሲፈልገው የሰነበተው ቅርጽ ተዘርግቶ ተኛ። ኤርሳዶ ዙሪያውን በምስማር ጭሮ መቀሱን አነሳ።

ሌላ ሰው ቢሆን እሰይ ብሎ ያቅፈው ነበር።

«ይህን ማን አስተማረህ?» አለው ባዳቾ።

«ማንም። ቅጠል ነው እኮ።»

«ማንም?»

«እናቴ ቆጮ ስትጠቀልል እያየሁ አይደል ያደግኩት?»

ሁላችንም እያየን ነው ያደግነው፣ ለእኔ ለምን አልታየኝም? አለ ባዳቾ በልቡ። የራሱ አለማወቅ በሌላው ላይ ማስረጃ ሆኖ ቁጭ አለ። ይህ ሰው የተማረውን ደብቋል፣ የተማረበትን ቤትም ደብቋል ብሎ ደመደመ።

ያን ቁራጭ ሲዘጉት ኤርሳዶ ሐዲዱን ለመደገፍ ጭንቅላቱንና አንድ ትከሻውን ውስጥ አስገባ። ባዳቾ ከውጭ መዶሻውን አቆመ። ፊቱ የማይታይ ሰው ድምፁ ያጋልጠዋል ብሎ አሰበ።

«አባትህ ግን ምን ነበር የሚሠራው?»

«ያርሳል» አለ ላሜራው፣ በጎርናና የጉድጓድ ድምፅ።

«ማረሻውን ማን ይስልለታል?»

ትንሽ ዝም አለ። «ምን ማለትህ ነው? ቀጥቃጭ ነዋ የሚስልለት።»

«የቅርብ ሰው ነው?»

«ባዳቾ፣ አንገቴ ሊቆረጥ ነው፤ ትመታለህ ወይስ አትመታም?»

መታ። ግን ያ ትንሽ ዝምታ ጆሮው ውስጥ ቀረ፤ እያገላበጠ ሲያየው ዋለ።

ምሳም አለ። ኤርሳዶ ከባዳቾ ጋር በልቶ አያውቅም። ስንቁን ይዞ ከግድግዳው በስተጀርባ ይሄዳል፣ ውኃ እንኳ ከራሱ ቅል ነው የሚጠጣው። ና እንብላ ሲባል ሆዴን ይላል፣ ጠግቤያለሁ ይላል። ባዳቾ ይህን የሚተረጉመው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር፦ ልጁ ማንነቱን ያውቃል፣ የሰው ገበታ እንዳያረክስ ይጠነቀቃል። አንዳንዴ ያሳዝነው ነበር። እያዘነለትም ሳህኑን ጠጋ ያደርግ ነበር፣ ወደ ራሱ።

ይህ ሁሉ የሥራ ቤት ነገር ሆኖ በቀረ ነበር፤ አስካለች ባትኖር።

አስካለች የኤርሳዶ እህት ናት። በሶዶ የገበያ ቀን ሁሉ የወንድሟን የሳምንት ስንቅ፣ ቆጮና ዳጣ ተሸክማ ከአገር ቤት ትመጣለች። ደጃፉ ላይ ትቆማለች እንጂ አትገባም።

«ግቢ እንጂ» ይላታል ባዳቾ።

«አይ፣ ቸኩያለሁ።»

ቸኩላ ግን አታውቅም። ገበያው እስኪበተን እዚያው ከመቃኑ ውጭ ቆማ ታያቸዋለች። ይህ ጠማማው ምን ይሆናል? ያኛው ለምን ጮኸ? ለምን ይህን ቀስ ብለህ መታኸው? ትላለች። ባዳቾ ላሜራ ሲመታ ያማረ ድምፅ የሚያወጣው የቱ ቦታ እንደሆነ እስከዚያ ድረስ አስቦት አያውቅም፤ ከዚያ በኋላ እሷ ስትመጣ የሚመታው እዚያ ቦታ ላይ ሆነ። አንድ ቀን ክርኑን አንስቶ በአንደኛው ጫፍ ቢያያት በሌላኛው ጫፍ አየችውና ሁለቱም ሳቁ። የሚታየው ግን ቧንቧው የታጠፈበት ግድግዳ ብቻ ነበር።

ወደዳት። ዕድሜው ከማግቢያው አልፎ ነበርና አወዳደዱም የዘገየ ሰው ነው፤ እንቅልፍ ነሣው። ሽማግሌ መላክ አለበት። የማንን ልጅ? አረካ ያለችው እናቱ መዶሻውን እንኳ ገና ይቅር አላለችም። የቀጥቃጭ ልጅ አገባ ከተባለ ዘመድ ደጁን አይረግጥም፣ ሲሞትም የሚቀብረው አያገኝም። አስካለች ደግሞ ደጃፉን አታልፍም። ለምን አታልፍም? እንደ ወንድሟ ልኳን ታውቃለችና ነው። ሌሊቱን እንዲህ ሲል ያድርና ጠዋት ደጃፉን ያያል፣ የገበያ ቀን እንደሆነ።

መጠየቅ አይሆንም፤ የጠየቅከው ሰው ሄዶ ይናገራል። ሄጄ በዓይኔ ባየው ይሻላል አለ። ቀጥቃጭ ስሙን ይደብቃል፣ ከተማ ገብቶ ጫማ ያደርጋል፣ ግን ወናፉን የት ያደርሰዋል? እሳት ያለ ወናፍ አይነድም። የአባታቸው ጓሮ ወናፍ ካለ ነገሩ አለቀ። ከሌለ ሽማግሌ ይላካል።

«ቅዳሜ ወደ ገሱባ እወርዳለሁ» አለው ለኤርሳዶ፣ እንደ ዋዛ። «ከሰል ልገዛ።»

የኤርሳዶ መዶሻ አየር ላይ ቀረ። «ከሰል እዚህ ሞልቷል።»

«የዚያኛው ይሻላል አሉ።»

«እኔ አመጣልሃለሁ። አንተን ምን አደከመህ?»

«የሚደክመው እኔን፣ የሚያልበው አንተን! ምነው?»

«ምንም።» ከዚያ ቆየት ብሎ፣ ላሜራው ላይ አቀርቅሮ፣ «ቤታችን ግን አትድረስ። አባቴ ታሟል፤ ሰው አይወድም» አለ።

የሚደበቅ ነገር ባይኖር ሰው አባቱን አያሳምምም።

ቅዳሜ ጨው በጫነ መኪና ላይ ተቀምጦ ወረደ። ከገሱባ ወዲህ ወርዶ የኤርካሎን ቤት ጠየቀ፤ የአስካለች አባት ስሙ ኤርካሎ ነው። መንገድ ላይ ያገኘው ገበሬ ከወንዙ ማዶ ያለውን ትልቅ ዝግባ አሳየው።

«ሰውየው ግን ምን ይሠራል?» አለ ባዳቾ።

«እንደ ሰው ነዋ፣ ያርሳል።» ገበሬው ከእግር እስከ ራሱ አየው። «አንተ ደግሞ ምንድን ነህ? ግብር ሰብሳቢ ነህ?»

ያገር ሰው እርስ በርሱ ይሸፋፈናል ብሎ አለፈ።

ዝግባው ጋ ሲደርስ በበሩ አልሄደም። ዞሮ ከጓሮ በኩል አጥሩ የሳሳበትን ፈልጎ ገባ። እንሰቱ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ቅጠሉ ተደራርቦ ቀኑን አጨልሞታል። ጎንበስ ብሎ ተራመደ። አንድ ቦታ መሬቱ ጠቁሯል። ቁጢጥ ብሎ በጣቱ አሸት አደረገው፤ የተቃጠለ አረም ነው። ትንሽ ጎጆ አገኘ፣ በሩን ገፋ አድርጎ አጮለቀ፤ ጥጃ አፍጥጦ አየው። ከጎጆው ጎን ላይ የፍየል ቆዳ ተሰቅሏል። ወናፍ የሚሠራው ከፍየል ቆዳ ነው። ተጠግቶ ዳሰሰው፣ አሸተተው። የእህል መያዣ ስልቻ ነው፤ ውስጡ ጥቂት የገብስ ፍሬ ቀርቷል። የብረት ዝቃጭ የለም፣ የከሰል ክምር የለም፣ ወናፍ የለም።

ከደስታው የተነሣ እዚያው እንሰት መካከል ጮክ ብሎ ሊስቅ ምንም አልቀረው። ግን ባዳቾ ባዳቾ ነውና የቤቱን ሌላኛውን ጎንም ዞሮ አየ። ከዚያ በገባበት ወጥቶ፣ ልብሱን አራግፎ፣ አሁን ገና እንደደረሰ እንግዳ በዋናው በር ተጣራ።

ታሟል የተባለው ኤርካሎ ምሳር ይዞ ግንድ ሲፈልጥ ነበር። ደረቱ ሰፊ፣ ፊቱ ሳቂታ ሽማግሌ ነው። እንግዳ ሲያይ ምሳሩን ጥሎ እጁን ዘርግቶ መጣ።

«ባዳቾ እባላለሁ አባቴ፣ ከሶዶ። የኤርሳዶ ወዳጅ ነኝ።»

የተዘረጋው እጅ መንገድ ላይ ቀዘቀዘ። ደግነቱ ከፊቱ አልጠፋም፣ እጁ ግን ተመለሰ።

«ባዳቾ? የቆርቆሮ ቤቱ ባዳቾ? ልጄ ያነሳሃል። ግባ፣ ግባ፤ እዚህ ጋ ተቀመጥ።»

እዚህ ጋ ያለው በሩ መቃን ሥር ነው። በርጩማ ወጣለት። ባዳቾ ጥላው ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው ብሎ ተቀመጠ። ኤርካሎም ከውስጥ፣ ራቅ ብሎ፣ የራሱ መደብ ላይ ተቀመጠና ስለ ዝናቡ ጠየቀው።

«ልጄ እንዴት ነው? ሚዛኑ ላይ ተመችቶታል?»

«ሚዛን?»

«አብዱሰመድ ጋ ነዋ። ቡና መዛኝ ሆኖ የለ? ባለፈው ሲመጣ ያጫወተኝን ልንገርህ፤ እሱ ሚዛኑን ሲይዝ የአንተ መዶሻ ከጎን ቀኑን ሙሉ እየጮኸ ቁጥር ያጠፋበታል አሉ!» ሳቀ ሽማግሌው። «ያው የእናንተ ሥራ ድምፅ ያለው ነው፣ ምን ይደረግ።»

የእናንተ ሥራ የሚለው ቃል ባዳቾን ጎኑን ነካው። ትርጉሙ ግን ገና አልደረሰውም። የደረሰው አስካለች ምግብ ይዛ ስትመጣ ነው። የተቀቀለ ጎደሬ ነው፣ ቅቤ የፈሰሰበት፣ ዳጣው በጎን ያለበት። ለአባቷ በሳህን አቀረበች። ለእሱ በእንሰት ቅጠል፣ ከእግሩ ሥር መሬት ላይ።

ለቀጥቃጭ ሳህን አይቀርብለትም። በቅጠል ይበላል፣ ቅጠሉም ከእሱ በኋላ ይጣላል። ባዳቾ ይህን ሲያይ ነው ያደገው፤ አባቱ ቤት ማረሻ ይዞ ለሚመጣው ቀጥቃጭ ቅጠሉን የሚቆርጠው እሱ ነበር። ፊቱ ላይ እሳት ወጣ።

ኤርካሎ ፊቱን አይቶ ያጽናናው ጀመር። «ቅር አይበልህ ልጄ። እኛ እንደ ድሮ ሰው አይደለንም። ጸሎት ቤት ሁላችን የአዳም ልጆች ነን ብለውናል። አባቴ ቢሆን ከአጥር ውጭ ነበር የሚያበላህ፤ እኔ ግን ይኸው እስከ በሬ አስገባሁህ።»

«አባቴ፣ እኔ እኮ የገበሬ ልጅ ነኝ! የአረካ። አያቴም ገበሬ ነው፣ በሬዎቻችን...»

«አዎን፣ አዎን» አለ ሽማግሌው በርኅራኄ። «ከተማ የገባ ቀጥቃጭ ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው። አልፈርድብህም። እኔ ብሆንም እደብቃለሁ።»

ባዳቾ ስለ ኤርሳዶ ሌሊት ሌሊት ሲል የኖረው ይህንኑ ነበር። አሁን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው መልስ እንደሌለው ገባው። ምን ቢል ማን ያምነዋል? ኤርሳዶ ለምን ከሱ ጋር እንዳልበላም ገባው። ልጁ ገበታ እንዳያረክስ አልነበረም የራቀው፤ እንዳይረክስ ነው። ከአጠገቡ ቆሞ ያንኑ ላሜራ እየመታ፣ ከቀጥቃጭ ጋር እሠራለሁ ብሎ እያፈረ፣ ለአባቱ ሚዛን ይዣለሁ እያለ!

አንድ መልስ ብቻ ነበረው። ልጅዎ ሚዛን አይዝም፣ ከእኔ ጋር መዶሻ ይይዛል፤ እኔ ቀጥቃጭ ከሆንኩ እሱም ነው። ይህን ቢል የሽማግሌው ሳቅ አፉ ላይ ይደርቅ ነበር። ንዴቱ ቃሉን እስከ ምላሱ ጫፍ አመጣው። ቀና ሲል ግን አስካለች ከአባቷ ጀርባ ቆማለች። እጇን በእጇ ጨምቃ ይዛ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗን ከአፉ ላይ አልነቀለችም። የቀጥቃጭ እህት ከተባለች እሷንስ ማን ያገባታል? እኔ ራሴ ወናፍ ፍለጋ መጥቼ የለ?

«ሚዛኑ ተመችቶታል» አለ። «ጎበዝ መዛኝ ነው።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ በላ። ጎደሬው ጣፋጭ ነበር፤ ያ ደግሞ የባሰ አበገነው።

ሊሄድ ሲነሳ አስካለች ልትሸኘው ወጣች። እስከ አጥሩ በር ድረስ ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ «እግዚአብሔር ይስጥህ» አለችው ቀስ ብላ። «ወንድሜን አላጋለጥከውም።»

«አስካለች፣ አንቺም ቀጥቃጭ መስዬሽ ነበር?»

«ወንድሜ እንዲያ ነበር የሚለኝ። ደጁን እንዳትረግጪ ብሎኛል።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ አይደለህም። የለመደ ሰው ቅጠል ሲቀርብለት ፊቱ እንደ አንተ አይሆንም።»

አመነችው! በዚያ ቤት የተዋረደው ውርደት ሁሉ በአንዴ ከላዩ ወረደ። «እንግዲያው ሽማግሌ ልልክ ነው» አለ፣ ቃሉ እየተደነቃቀፈበት። «የአረካን ሽማግሌዎች፣ አባቴን የሚያውቁትን። አባትሽ እነሱን ሲያይ ያምናል። አስካለች፣ እኔ ካየሁሽ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።»

አስካለች መሬት መሬት አየች። የሚያምር ነገር የምትናገር መስሎት ጠበቀ።

«ከጓሮ ምን ትፈልግ ነበር?» አለችው።

«የትኛው ጓሮ?»

«እንሰት እየፋቅኩ ነበር። ከገባህ ጀምሮ አየሁህ። አመዱን በጣትህ አሸኸው። የጥጃውን ቤት ከፈትክ። ስልቻውን አሸተትከው። መጀመሪያ ሌባ መስለኸኝ ልጮህ ነበር፤ በኋላ ገባኝ።» ቀና አለች። «ወናፍ ነበር የምትፈልገው።»

ባዳቾ ቀድሞ ያራገፈውን ልብሱን እንደገና አራገፈ።

«አጣሁት እኮ» አለ በመጨረሻ።

«ብታገኘውስ?»

መንገዱን አየ። ዝግባውን አየ። ባገኘው ኖሮ ወደ ዋናው በር እንደማይዞር፣ በገባበት ሽንቁር ወጥቶ፣ ሰላም እንኳ ሳይላት፣ የሚቀጥለውን መኪና እንደሚይዝ ያውቀዋል። ፊቱ ላይ አነበበችው።

«አንቺም እኮ ጠርጥረሽኛል!» አለ፣ እንደ ተበደለ ሰው።

«እኔ አልጠረጠርኩህም። አምኜ ነበር። ቀጥቃጭ ነህ ብዬ አምኜም ነው በየገበያው ስመጣ የነበረው።» የአጥሩን በር ጨብጣ ያዘች። «ወንድሜ ሶዶን በሚያህል ከተማ የሚበላ አጥቶ ይመስልሃል፣ ስንቅ ተሸክሜ እግሬ እስኪላጥ የምሄደው? ይላክለት ብዬ አባቴን የለመንኩት እኔ ነኝ።»

ባዳቾ ስሟን ጠራ።

«በል ደህና ግባ፣ መኪናው እንዳያመልጥህ» አለችና የአጥሩን በር ከውስጥ ዘጋችው።